አሮጌዋን ሳያስወጡ ሊኑክስን ማስገባት

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው መነኩሴውን ሊነቅፍ ፈልጎ ይሆናል፤ እኔ ግን ከመነኩሴው ጎን ነኝ። ቢያንስ መርፌ መያዝ ያውቃል፤ ቀዶ ሲያበቃም መልሶ ሰፍቶታል። የሚታዘንለትስ መቅደዱን አሳምሮ የሚችልበት፣ መስፋቱ ላይ ሲደርስ ግን ጎረቤት የሚጠራው ሰው ነው። እናንተም ቤት ይህ ዓይነቱ ሰው አይጠፋም። ጠብ ጠብ ብቻ ትል የነበረችውን ቧንቧ ላጥብቅ ብሎ ገብቶ ሳሎኑ ላይ ውኃ ያስተኛው፣ በደህና ቀን የሚሠራውን ቴሌቪዥን ትንሽ ላስተካክለው ብሎ ቻይንኛ ብቻ እንዲናገር ያደረገው። እኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ።

ቶሮንቶ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ልጆች ሲማሩ እሠራለሁ፣ ልጆች ሲያርፉ አርፋለሁ። ማርች ብሬክ የሚሉት የመጋቢት የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ እንግዲህ ቢጫዋ አውቶቡስ ግቢዋ ውስጥ ትቆማለች፤ እኔም ዌስተን ባለው አፓርትመንታችን ውስጥ እቆማለሁ። ባለቤቴ የሺ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሆነ ማርች ብሬክ የሚባል ነገር አያውቃትም። ጠዋት ስትወጣ ‹‹ምንም ነገር እንዳትነካ›› ብላኝ ነው የምትወጣው። ሌሎች ባሎች ‹‹ደህና ዋል›› ይባላሉ አሉ።

የነካሁት ታብሌት ነው።

ታብሌቷ የአማቴ የእማማ አስካለ ነበረች፤ ነፍሳቸውን ይማርና። የገዙላቸው ትልቁ ልጃቸው፣ የየሺ ወንድም ጋሽ መኮንን ናቸው። ገዝተው፣ በራሳቸው አካውንት ከፍተው፣ ስብከቱንም መዝሙሩንም አስተካክለው ነበር የሰጧቸው። እማማ አስካለ ስብከት ሲሰሙ ጣታቸው የካሜራዋ ምልክት ላይ ያርፍ ነበር መሰለኝ፣ ሳያውቁት ሲቀርጹ ኖረዋል። የሚቀረጸው ታዲያ እሳቸው አይደሉም። ታብሌቷ ጉልበታቸው ላይ ተንጋላ ስለምትተኛ የሚታየው የሳሎናችን ጣሪያ ነው። ጣሪያ፣ ጣሪያ፣ አሁንም ጣሪያ። ድምፃቸው ግን አለ፤ ሲጸልዩ፣ በስልክ ሰው ሲያሙ፣ ከሰባኪው ጋር ሲከራከሩ። ካረፉ በኋላ የሺ ታብሌቷን ቡፌው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻት። አልፎ አልፎ አውጥታ ቻርጅ ታደርጋታለች እንጂ ቪዲዮዎቹን ከፍታ አይታ አታውቅም። አንድ ቀን ለምን እንደማታያቸው ብጠይቃት፣ ‹‹እንዳሉ ካወቅሁ ይበቃኛል›› አለችኝ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ወደፊት የሚመጣው ግራ ያጋባችኋል። እኔን ነግረውኝም አጋብቶኛል። እማማ አስካለ ሲያርፉ ጋሽ መኮንን አስከሬናቸው አገር ቤት ሄዶ ከባላቸው ጎን ይረፍ አሉ። የሺ ደግሞ ሄጄ የማያት እኔ ነኝና እዚሁ ትረፍልኝ አለች። ሁለቱም ያሉት እውነት ነበር፤ ጠብ መድኃኒት የሚያጣው እንዲህ ሲሆን ነው። እናቷን ይዛ የኖረችው የሺ ስለነበረች የእሷ ቃል ጸና። በቀብሩ ዕለት ጋሽ መኮንን ከመኪናቸው አጠገብ እንደቆሙ ቀሩ፤ ወደ ጉድጓዱ አልቀረቡም። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ቃል አልተለዋወጡም። እሳቸው የሚኖሩት ጄን ኤንድ ፊንች፣ እኛ ዌስተን፤ መኪና ውስጥ የተከፈተ አንድ መዝሙር ሳያልቅ ይደረሳል። ብሉር ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች በአንዱ አንዳቸው ከገቡ ሌላቸው ውጭ ቆመው ብርዱን ይቀምሳሉ። በዓል ሲመጣ የሺ ስልኳን ታነሳና አይታው መልሳ ታስቀምጠዋለች።

እኔ እንግዲህ በዚያ ሰሞን ምስማር ፍለጋ መሳቢያውን ስከፍት ታብሌቷን አገኘሁ። ብከፍታት፣ እስክትነቃ ድረስ የተከመረውን ሰሃን ሁሉ አጥቤ ጨረስኩ። ስትነቃም ውስጧ ያለው ዊንዶውስ ዕድሜው እንደገፋ፣ ከእንግዲህ ጥገና እንደማያገኝ፣ ወደ አዲሱ ለመሻገር ደግሞ የእሷ አቅም እንደማይፈቅድ በትሕትና ነገረችኝ። ለእኔም እንዲህ ያለ መልእክት የሚደርስበት ቀን ሩቅ ስላልሆነ አዘንኩላት። ባፈጥናትስ? የሺ አንድ ቀን ልያት ብላ ስታነሳት እንደ መብረቅ ብትከፈትላትስ? አያችሁ፣ ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ቆብ የሚቀደደው ሁልጊዜ በመልካም ሐሳብ ነው።

ለኑረዲን ኮል አደረግኩ። ኑረዲን የወሎ ልጅ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ የልብ ወዳጄ ነው። ሰው ሁሉ የሚሰብከው ነገር አለው፤ የኑረዲን ስብከት ሊኑክስ ነው። ወገቤን አመመኝ ብትሉት እንኳ ሊኑክስ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ ወይ የሚል ሰው ነው። ሊኑክስን ለማታውቁት፣ እኔም አላውቀውም፤ እሱ እንደሚለው ግን በነጻ የሚገኝ፣ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚያዝበት የሌለ፣ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ሲጭኑት እንደ ጥጃ የሚያስቦርቅ ሲስተም ነው። አሮጌው እንዳይነካብኝ አጥብቄ ነገርኩት።

‹‹ማን ይነካዋል?›› አለኝ። ‹‹ጎን ለጎን ነው የምናስገባው። ስትከፍታት የቱን ልክፈትልህ ብላ ትጠይቅሃለች።››

ይህ ወዲያው ገባኝ። ቶሮንቶ የኖረ ሰው እላይ እየኖሩ ምድር ቤቱን፣ ቤዝመንቱን፣ ማከራየት ምን እንደሆነ ያውቃል።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ኑረዲን ሺፍቱን ጨርሶ፣ ዩኒፎርሙን ሳይቀይር መጣ። ረመዳንና ሁዳዴ የተገጣጠሙበት ሰሞን ስለነበር ምን ልጋብዝህ ብሎ መጨነቅ አልነበረም፤ በቀጥታ ወደ ሥራ ገባን። በመጀመሪያ አሮጌው ውስጥ ሳለን ለአዲሱ የሚሆን ቦታ ቆረስን። ኑረዲን እየቆረሰ ‹‹ባክአፕ አለህ አይደል?›› አለኝ። አለኝ አልኩት። እኔ ያየሁት ባትሪዋን ነበር፤ ሙሉ ናት። ቀጥሎ ፍላሽ ላይ የያዘውን ሊኑክስ ሊሰካ ሲል ታብሌቷ ያላት ቀዳዳ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፍላሹ ሲገባ ኪቦርዱ ይወጣል፣ ኪቦርዱ ሲገባ ፍላሹ ይወጣል። ኑረዲን መኪናው ድረስ ወርዶ አንዱን ቀዳዳ ብዙ የሚያደርግ ዕቃ ይዞ ተመለሰ። ከዚያም እንግዳ ሲስተም አላስገባም የሚለውን የታብሌቷን ጥበቃ አጠፋና ሊኑክስን ከፈተው።

ተከፈተ። በጎኑ ተኝቶ ተከፈተ። ጽሑፉ ሁሉ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ታብሌቷን ብናዞራት እሱም አብሯት ይዞራል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንገታችንን ወደ ቀኝ ትከሻችን ጥለን፣ አንዱ እያነበበ አንዱ እየነካ ሥራውን ቀጠልን። መንካቱም መንካት አይምሰላችሁ፤ ጣቴን ከላይ ሳሳርፍ የሚከፈተው ታች ያለው ነው። ከሕንፃችን ጀርባ የኤርፖርቱ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አብሬ። ኑረዲን ግን ‹‹ይሄ የተለመደ ነው›› ይላል። ለእሱ ያልተለመደ ነገር የለም።

ደግነቱ እውነትም የተለመደ ኖሮ አስተካከለው። ሊኑክስ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጣትም እንደ ጣት መሥራት ጀመረ። ፍጥነቷ ለጉድ ነበር። ከፍተን ዘጋናት፣ ደግመን ከፈትናት፣ ተጨባበጥን። ከዚያ እኔ እስቲ አሮጌዋንም እንያት አልኩ። አሮጌዋን መረጥን።

ሰማያዊ ሰሌዳ መጣ። የመክፈቻ ቁልፍ አስገባ ይላል። የይለፍ ቃሏን ሰጠኋት፤ ይሄ አይደለም አለች። የምትፈልገው ከስልክ ቁጥር እጅግ የረዘመ የቁጥር ሰልፍ ነው። ኑረዲን ያጠፋውን ጥበቃ መልሶ አበራ፣ የገለበጠውን መልሶ ገለበጠ፣ ታብሌቷ ግን በአቋሟ ጸናች። ኑረዲን ይህን ጊዜ ‹‹የተለመደ ነው›› አላለም። ያኔ ፈራሁ።

‹‹ባዕድ ሰው በሯን እንደነካካ አውቃ ቆልፋለች›› አለኝ በመጨረሻ። ‹‹ቁልፉ መጀመሪያ በከፈታት ሰው አካውንት ውስጥ ይኖራል። መጀመሪያ የከፈታት ማነው?››

ተቀመጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ምን እንደተሰማት በዚያች ደቂቃ ገባኝ። ቁልፉ ባይገኝ ምን ይሆናል አልኩት። ቪዲዮዎቹ አሉ፣ ግን ማንም አያያቸውም አለኝ። የሺ እንዳሉ ካወቅሁ ይበቃኛል ብላ ስለነበር ይህን ክርክር ይዤ ልቅረብ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ኑረዲን አትሞክረው አለኝ።

እሱ እንደሄደ ለጋሽ መኮንን ደወልኩ። የእኛን ቤት ቁጥር ሲያዩ አያነሱም፤ ቮይስሜይል ሆነ። መልእክት መተው ደግሞ አልወድም፤ ያቺ ድምፅ ጢጥ ስትል የማውቀው አማርኛ ሁሉ ይበተንብኛል። የተናገርኩት ኋላ በሰው ፊት ስለተሰማ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦

‹‹ጋሽ መኮንን፣ ታደሰ ነኝ። እንደምን ነዎት? አሮጌዋ ደክማብኝ፣ ሳላስወጣት ከጎኗ አዲስ ላስገባ ብዬ ነበር። ኑረዲን ነው የመከረኝ። አዲሷ ገብታለች፣ ጥሩ ናት። አሮጌዋ ግን ቆለፈችብኝ። መላው ያለው እርስዎ ጋ ነው። የሺ ገና አልሰማችም፤ ሳትሰማ ቢደርሱልኝ…››

እዚህ ላይ ተቆረጠ። ታብሌት የምትለውን ቃል ተናግሬ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ እሷ ብቻ ሳስብ ስለዋልኩ ዓለም ሁሉ ስለ እሷ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ የሺ የዕረፍት ቀኗ ነው። ሶፋው ላይ ሆና ከላውንደሪ የመጣውን ልብስ ስታጥፍ፣ እኔም እንዴት ብዬ ልንገራት እያልኩ አንድ ካልሲ ደጋግሜ ስጠቀልል፣ የሕንፃው በር ተደወለ። የሺ ተነሥታ በግድግዳው ኢንተርኮም ማነው አለች።

‹‹መኮንን ነኝ። ክፈቺ።››

ጣቷ የበሩን መክፈቻ ሳይጫን ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከፈተች።  ጋሽ መኮንን ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ የሰበካ ጉባኤውን ሽማግሌ አቶ ወንድሙን አስከትለው ገቡ። አቶ ወንድሙ የእኛን ሰው በሙሉ አስታርቀው ጨርሰው፣ የተረፈ ካለ ብለው የሚጠባበቁ የተከበሩ አባት ናቸው። ጋሽ መኮንን ሰላምታዬን አልመለሱም። በሩ ሥር ያለውን የጫማ መደርደሪያ አንድ በአንድ አዩት። ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ሳስበው የሌላ ሴት ጫማ ነው። ከዚያ እህታቸው ፊት ቆሙ።

‹‹በእናታችን ነገር ብንጣላም ደምሽ ነኝ፤ እኔ ቆሜ ከቤትሽ የሚያፈናቅልሽ የለም›› አሏት።

የሺ ወንድሟን አየች፣ አቶ ወንድሙን አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየች። ‹‹ታደሰ፣ ምን ነካህ?›› አለችኝ። ምን ሆንክ ማለቷ ይሁን የትኛውን ዕቃ ነካህ ማለቷ እስካሁን አልለየሁም። በሁለቱም ቢሆን ተገቢ ጥያቄ ነው።

አቶ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት እንደሌለ፣ ዋናው ነገር ሳይረፍድ መመለስ መሆኑን፣ ከክፉ ምክርም መራቅ እንደሚገባ በሰፊው ካስረዱኝ በኋላ ስሟን ጠየቁኝ። የሚጠይቁኝ ስለ ሲስተሙ መሰለኝ፤ ጋሽ መኮንን የታብሌቷን ጉድ ነግረዋቸዋል ብዬ ነበር።

‹‹ሊኑክስ›› አልኳቸው።

ወደ ጋሽ መኮንን ዞረው በሐዘን ‹‹ፈረንጅ ናት›› አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው ‹‹አሁን የት ነው ያለችው?››

‹‹መሳቢያ ውስጥ።››

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ትሰማላችሁ፤ እኔ ኩበቱ ሆኜ መካከል ተቀምጬ አየሁት።  ጋሽ መኮንን ስልካቸውን አወጡና የተውኩትን መልእክት ለሁላችን አሰሙ። የገዛ ድምፄ አሮጌዋ ደክማብኝ ሲል ስሰማ እኔ ራሴ በራሴ አዘንኩ። ‹‹ቆለፈችብኝ›› እና ‹‹የሺ ገና አልሰማችም›› እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ጋሽ መኮንን አላመዛዘኑትም ነበር፤ የተቆጣ ወንድም ሰዋስው አይመረምርም።

ቀድማ የገባት የሺ ናት። አልሳቀችም። ሄዳ መሳቢያውን ከፈተች፣ ታብሌቷን አወጣች፣ ሰማያዊውን ሰሌዳ አነበበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ‹‹የእናቴን ድምፅ ምን አደረግኸው?›› አለችኝ።

ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ሊኑክስ ሴት እንዳልሆነች፣ ሰው እንዳልሆነች፣ ኑረዲን የመከረኝ ስለ ትዳር እንዳልሆነ፣ ድምፁ ውስጧ እንዳለ፣ ቁልፉ ግን ጋሽ መኮንን ዘንድ ብቻ እንደሚገኝ። አቶ ወንድሙ ስናገር ከንፈሬን ያዩ ነበር፤ ምን ያህሉን እንደተረዱ አላውቅም። ጋሽ መኮንን ግን ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ። ‹‹የምን ድምፅ ነው?›› አሉ። ቪዲዮዎቹ እንዳሉ አያውቁም ነበር። የነገራቸው አልነበረማ፤ ማን ይንገራቸው?

የሺ ናት የነገረቻቸው። ጣሪያውን፣ ጸሎቱን፣ ሐሜቱን። ከስንት ጊዜ በኋላ ለወንድሟ የነገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ሆነ።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አደረጉና በስልካቸው አካውንታቸውን ሊከፍቱ ጀመሩ። የይለፍ ቃሉ የእናታቸው የክርስትና ስም ነው፤ ወለተ ማርያም። ስሙንስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደጻፉት ግን እሳቸውም አያስታውሱም። በ‹ኢ› ነው ይላሉ እሳቸው፣ በ‹ኦ› ነው ትላለች የሺ። አንድ ‹ቲ› ነው ይላሉ፣ ሁለት ነው ትላለች። ወንድምና እህት አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተው በሟች እናታቸው ስም አጻጻፍ ተከራከሩ፤ በእውነቱ ክርክሩ ከበረታ ሌላ ስንት ዓመት ይኮራረፋሉ ብዬ ሰግቼ ነበር። ሲሳሳቱ፣ ሲሳሳቱ አካውንቱ ተሰላቸና ቆይታችሁ ሞክሩ ብሎ ዘጋባቸው።

ቆይታችሁ ሲባል ምን ይደረጋል? እንግዳ ባዶ አፉን አይቀመጥ። የሺ ሽሮና ጎመኑን አሞቀች፣ አቶ ወንድሙ ባረኩ፣ በላን። ጋሽ መኮንን ሽሮው ጨው አንሶታል አሉ። የሺ አንተ ድሮም እንደዚሁ ነህ አለች። ጨው አመጣችላቸው።

ከማዕድ በኋላ በ‹ኦ› እና በአንድ ‹ቲ› ሆነና ተከፈተ። ሁለቱም እኔ ነኝ ያልኩት አሉ። ጋሽ መኮንን ያን የቁጥር ሰልፍ እያነበቡ የሺ ታብሌቷ ላይ ትጽፋለች። ስትሳሳት ያርሟታል፣ ሲፈጥኑባት ቀስ በል ትላቸዋለች። አሮጌዋ ታብሌት ለመንቃት ጊዜዋን ወሰደች። ያን ለታ ማንም አልቸኮለባትም።

ቪዲዮዎቹ ተደርድረው ብቅ ሲሉ የሺ እጇን ሰበሰበች። ጋሽ መኮንን አንዱን ነኩት። ጣሪያ። ከጣሪያው ሥር እማማ አስካለ ከታብሌቷ ጋር ይጣላሉ፤ ሰባኪው አላቋርጥ ብሏቸዋል መሰለኝ። ‹‹መኮንን… የሺ… አንቺ… ማነህ…›› ይላሉ፣ የልጆቻቸውን ስም ሲያቀያይሩ እንደኖሩት እያቀያየሩ፣ ‹‹ኑና ይሄን ሰውዬ ዝም አሰኙልኝ።››

ቪዲዮው ላይ ያለው ጣሪያ አንድ ጥግ ላይ ውኃ ያረፈበት ምልክት አለው። ጋሽ መኮንን ያንን አይተው ቀና አሉ። የሺም ቀና አለች። ምልክቱ እዚያው ነበር። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው የሳሎናችንን ጣሪያ እያዩ ቆዩ፤ እኔና አቶ ወንድሙም ብቻችንን ታች መቅረት ደግ ስላልመሰለን አብረን አየን።

ከዚያ በኋላ ይቅርታ ሲባባሉ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ። የለም። ስለ ቀብሩ አንዲት ቃል አልተነሣችም። አቶ ወንድሙ ግን የመጡበትን ሳይፈጽሙ መሄድ ስለማይወዱ እኔንና የሺን አስታርቀው፣ ዳግመኛ ሌላ እንዳላስገባ ቃል አስገብተውኝ ሄዱ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ብሉር ደርሶ ኖሮ በዚያው ሳምንት ቅመም ልገዛ ስገባ ባለሱቋ በአዘኔታ አየችኝ። ኑረዲን ይህን ሲሰማ ሳቀና ‹‹እኔ ራሴ አንዷን ሚስቴን እንኳ በወጉ አልቻልኳትም›› አለ። ቪዲዮዎቹንም ሁሉ ሌላ ቦታ ገለበጠልን፤ ባክአፕ ማለት ይሄ ነው ለካ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መኮንን መጡ። አልተቀመጡም፤ በር ላይ ቆመው የመኪና ቁልፋቸውን ያሽከረክራሉ። የሺ ካፖርቷን ደርባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወዴት ነው አልኩ። ጋሽ መኮንን ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ያለውን መንገድ እንደማያውቁት፣ የሺ እንደምትመራቸው ነገሩኝ። የትኛውን መንገድ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የየሺን ፊት አየሁና ገባኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አንድ ነገር ሳይነግሩኝ ገባኝ። ከመኪናው አጠገብ የቀረው ሰው አሁን እስከ መቃብሩ ሊሄድ ነው።

ማን ማንን ይቅር እንዳለ፣ መቼ እንዳለው፣ እኔ ከእነሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሳለ እንዴት እንዳመለጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ዕለትም ልጠይቅ አልደፈርኩም። ጫማዬን ግን አነሣሁ፤ እኔም ልምጣ አልኩ።

የሺ በሩን እየሳበች፣ ‹‹አንተ ከሊኑክስህ ጋር ሁን›› አለችኝ።